የእኛ ጅብ በግሪኮች መጽሐፍ

ግሪኮች አማልክታቸው ሲርባቸው ወዴት እንደሚልኳቸው ያውቁ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ። ሆሜር በኢልያድ እንደሚተርከው፣ ዜውስ የቀሩትን አማልክት አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ወረደና ኦሊምፐስ የተመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። እኛ አገር ቦኬ ላይ እንግዳ እንዲህ ከሰነበተ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወንጭፍ ተሰጥቶት ማሽላ ሊጠብቅ ማማ ላይ ይወጣል እንጂ ዝም ብሎ አይበላም።

ይህን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በያዛቸው ሁለት ወፍራም መጻሕፍት የተነሳ ነው። ልብ ወለድም የትምህርትም አይደሉም፤ የጨዋታ ናቸው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከብባል። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ ጀግና፣ ጠንቋይ፣ ሌባ ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚቆርጠው ባለ 20 ፊት ዳይስ ነው። ጫት የሌለው በርጫ በሉት። መጽሐፉ የሚያስፈልገው ለተራኪው ነው፤ አገሩን፣ አማልክቱንና አውሬውን ከነጉልበቱ በቁጥር ሰፍሮ ያቀርብለታል።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ ያወጡት በ1974 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በ1976 ዜውስና ቤተሰቡ የገቡበት የአማልክት መጽሐፍ ተከተለ። በ2020 ደግሞ ቴሮስ የሚባል፣ ከግሪክ ተረት የተቀዳ ዓለም ለብቻው መጽሐፍ ሆነ። ልጁ ከያዛቸው አንዱ እሱ ነው።

እኔን ያቆመኝ ግን ሌላው፣ መጀመሪያ በ1977 የታተመው የአውሬዎች መጽሐፍ ነው። ውስጡ ሊዩክሮታ የሚባል ፍጥረት አለ፤ የሰው ድምፅ አስመስሎ እየተጣራ ሰው ያጠምዳል። «የግሪክ ተረት ነው ጋሼ» አለኝ ልጁ። እስቲ ዘሩ ይቆጠር ብዬ ተነሳሁ።

በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ብዙውን ከግሪክ ጸሐፊዎች እየቃረመ ባዘጋጀው የተፈጥሮ ታሪክ፣ ይህን አውሬ ከኢትዮጵያ እንስሳት ጋር መዝግቦታል። አህያ ያክላል፤ አንገቱ የአንበሳ፣ አፉ እስከ ጆሮው የተቀደደ፣ በጥርስ ፈንታ አንድ ወጥ አጥንት የተተከለለት። ስለ ጅብ ሲጽፍ ደግሞ የእረኛውን ስም አጥንቶ ይጠራዋል፣ ሲወጣለት ይቦጫጭቀዋል ይላል።

አያቴ ስለ ፕሊኒ ሰምታ አታውቅም። ሲመሽ ግን «ሦስቴ ካልተጠራህ አቤት እንዳትል» ትለኝ ነበር። ጅብ በሌሊት ሲጮኽ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ድምፁ ከታች ተነስቶ ጫፉ ላይ ሽቅብ ይሰቀላል፤ ከማዶ ተራራ ሰው ስም የሚጣራ ነው የሚመስለው። አጥንት ሲቆረጥም የሰማም ሰው ያ መንጋጋ እንደኛው ጥርስ በጥርስ ነው ቢሉት አያምንም። የፕሊኒ ምንጮች የዋሹ አይመስለኝም፤ ከሚፈራ ሰው የሰሙትን ነው የጻፉት። ጅቡ ሐረር ላይ ሲደርስ እንኳ ሌላ ነው፤ በአሹራ ዕለት ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል።

ካርታ ዘርግቼ አልከራከርም። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነው፤ ኑብያም አለበት። በተረታቸው ለባሕር አውሬ የተሰጠችው አንድሮሜዳም የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ነበረች፤ በ1981 የወጣው ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ የተባለ ፊልም ግን ወደ ጆፓ አዛወራት፤ ሊበላት የመጣውንም የባሕር አውሬ በኖርዌይ ስም ክራከን አለው። ከዚህ ሁሉ ዝውውር በኋላ እኔ የምጠይቀው ጅቡን ብቻ ነው። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባልበት ነበር፤ ይኸው በጠንካራ ሽፋን፣ ከነሥዕሉ፣ በዶላር ተነጥፎለታል።

ጭሮ፣ ገለምሶና ቦኬ ያላችሁ ወጣቶች፣ የራሳችሁን ለመጻፍ ማተሚያ ቤት አትጠብቁ። ደብተር፣ እርሳስና የሉዶ ዳይስ ይበቃል። አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ አውሬዎቹን መዝግቡ። ጅቡ ተራ ሲደርሰውም ደንቡ ይህ ይሁን፦ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት ያለ ተጫዋች አንድ ዙር ያልፈዋል።