የተዋሱት እርሾ

የዕድራችን የመዋጮ መዝገብ ያለው አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቢሮአችን ጓዳ በተቀመጠች አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የማስተዳድራት እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ነው፤ ስትታመም ግን ቤልትዌይን ይዞ የዊልሰንን ድልድይ መሻገር ግድ ነው።

በኦክቶበር 2022 የሆነውን ላጫውታችሁ። በማሽኗ ላይ የተጫነው ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ነበር፤ አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር ከፋፍሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። የ6.7 ዕትም ድጋፍ በዚያው ወር ስለሚያበቃ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ሆኜ ወደ 7.0 አሳደግሁት። ከዚያ በኋላ ጠፋች። እሁድ ጠዋት ሄጄ ሳያት ተነሥታለች፤ የኔትወርክ ካርዷን ግን አታውቀውም። በዚያው ዕለት አንድ አባላችን ማረፋቸው ተሰማ። አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት እንዲላክ ሰኞ ገንዘብ መውጣት ነበረበት፤ መዝገቡ ደግሞ አይከፈትም። ገንዘብ ያዣችን «ልጄ፣ ደብተሩ ይሻላል አላልኩህም?» አሉኝ። ምን ልመልስ? የትኞቹ ካርዶች እንደሚሠሩ የሚናገረውን ዝርዝር ሳላነብ የነካካሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ርካሿ ካርዳችን የምትሠራው ከሊኑክስ በተወሰደ ድራይቨር ነበር፤ ድራይቨር ማለት ካርዱንና ሶፍትዌሩን የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። የቪኤምዌር ከርነል ኮዱ የተዘጋ ቢሆንም፣ የሊኑክስ ድራይቨሮች እንዲሠሩበት ቪኤምኬሊኑክስ የሚባል መሸጋገሪያ ተበጅቶለት ነበር። ሊኑክስ ግን የሚሰጠው በጂፒኤል ፈቃድ ነው፦ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሽጥም፤ ከእርሱ ያበጀኸውን ስታሰራጭ ግን ኮዱንም በዚያው ፈቃድ ስጥ ይላል።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «እርሾ ነዋ!» አለች። ከጎረቤት እርሾ የወሰደች ሴት ሌላዋ ስትጠይቃት አትከለክልም። ክርክሩ ግን ከዚያ ያልፋል። ሊጡስ? ቡሃቃውስ?

ክሪስቶፍ ሄልቪግ የተባለ የሊኑክስ ከርነል ጸሐፊ በ2015 ይህንኑ ይዞ ሃምቡርግ ላይ ቪኤምዌርን ከሰሰ፤ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ በወጪው ደገፈው። ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ውድቅ አደረገ። ቡሃቃው የማን እንደሆነ ወስኖ አይደለም፤ የትኛው ኮድ የአንተ እንደሆነና በምርቱ ውስጥ መኖሩን በሚገባ አላስረዳህም ብሎ ነው። ይግባኙም በፌብሩዋሪ 2019 ወደቀ። ስንት እጅ በነካው ሥራ ውስጥ የራስህን ለይ ማለት፣ ለእኔ፣ ለቅሶ ቤት በተሠራ ወጥ ውስጥ የማን ሽንኩርት የት እንደገባ አሳይ እንደማለት ነው። ሕግ የተማሩ አይስማሙኝ ይሆናል።

በ2020 የወጣው 7.0 ያለ ቪኤምኬሊኑክስ መጣ። ከክሱ የተነሣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ኩባንያው የራሱን ድራይቨሮች መጻፍ ከጀመረ ዓመታት አልፈውት ነበር። ብቻ ጥያቄው ሳይፈታ እርሾው ከቤት ወጣ፤ እንደኛ ያለ አሮጌ ካርድ የያዘም ውጭ ቀረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሌላ ኮምፒዩተር የነቀልሁትን ካርድ ይዤ ድልድዩን እንደገና ተሻገርሁ። ስሙ በዝርዝሩ ላይ መኖሩን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ማታ መዝገቡ ተከፈተ፤ ሟቹ የሴፕቴምበር መዋጯቸውን ከፍለዋል። ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።