ምሳ ዕቃውን ማን በላው?

የህንድ ፊልም ሲባል ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? እኔን ትዝ የሚለኝ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን አክተሩ ሃያ ሰው ሲዘርር እናጨበጭባለን፤ እናቱ ስታለቅስ አብረን እናለቅሳለን፤ ዝናብ ዘንቦ ዘፈን ሲጀመር ደግሞ ለሽንት እንወጣለን። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩ ያልገባውም አልነበረም።

በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እንካ፣ የህንድ ነው» ብሎ በፍላሽ ሲሰጠኝም የጠበቅኩት ያንኑ ነበር። «ዘ ላንችቦክስ» ይላል፤ በእኛ አፍ «ምሳ ዕቃው» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ሪቴሽ ባትራ የተባለ ዳይሬክተር የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ጭፈራ የለም። አርባ ደቂቃ ሞላ፤ ድብድብ የለም። ሰው ምሳ ይበላል፣ ደብዳቤ ያነባል፣ ባቡር ይሳፈራል፤ በቃ። ልዘጋው እጄን ዘርግቼ ነበር። እንኳንም አልዘጋሁት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሙምባይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉ ምሳ አመላላሾች አሉ። ከየቤቱ ትኩስ ምግብ ተቀብለው በብስክሌትና በባቡር እየተቀባበሉ መሥሪያ ቤት ድረስ ያደርሳሉ፤ ባዶውን ዕቃ ደግሞ በዚያው ቀን ለቤቱ ይመልሳሉ። ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፊልሙ በተሠራበት ጊዜ 5,000 ያህል ሰዎች በቀን ወደ 200,000 ምሳ ያደርሱ እንደነበር ይነገራል። መንገዱን የሚለዩት ዕቃው ላይ በሚጻፍ ምልክት ብቻ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሳይቀሩ አሠራራቸውን አጥንተውታል። አይሳሳቱም ነው የሚባለው። ፊልሙ ግን የሚጀምረው ከአንዲት ስህተት ነው።

ኢላ የምትባል ወጣት ትዳሯ ቀዝቅዞባታል። ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቷ፣ በፊልሙ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አንዴም የማይታየው ሴትዮ፣ በመስኮት ቅመም በቅርጫት እያወረዱ ባልሽን በሙያሽ መልሺው ይሏታል። ሠርታ ትልካለች። ዕቃው ተጠራርጎ ተበልቶ ይመለሳል። ደስታዋ! ማታ ባልየው ሲገባ ስለ ምሳው ብትጠይቀው ያልሠራችውን የአበባ ጎመን ያነሳላታል። ለካ ምሳዋን የበላው ሌላ ሰው ኖሯል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ የሂሳብ ሠራተኛ። ይህን ሰው ሆኖ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈው ኢርፋን ካን ነው። ኢላ በማግስቱ ከቂጣው ጋር ወረቀት ታስቀምጥለታለች። የሰውዬው የመጀመሪያ መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጨው በዝቷል!

ከዚያ በኋላ በምሳ ዕቃ ውስጥ የሚመላለሱት ደብዳቤዎች ናቸው ፊልሙ። ማንም የማይጠይቃቸውን ነገር እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ኢርፋን ካን አይጮህም፣ አያለቅስም። ክዳኑን ሲከፍትና ሲያሸት ብቻ ፊቱን ተመልከቱ፤ ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ያኔ ይገባችኋል።

እንግዲህ ወደ ኑዛዜዬ ልግባ። ፊልሙን ስጀምር ራሴን ያየሁት በኢርፋን ካን ቦታ ነበር። ማን ራሱን የታሪኩ ክፉ ያደርጋል? ሲያልቅ ግን ያገኘሁት ባልየውን ሆኜ ነው።

ባለቤቴ በየማለዳው ምሳ ትቋጥርልኛለች። እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሥጋ ቤት መሄድ ስለሚቀናኝ ምሳ ዕቃውን ለምሠራበት መጋዘን ዘበኛ እሰጥ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ! ማታ «ምሳው እንዴት ነበር?» ትለኛለች። «አሪፍ ነው» እላለሁ፤ ክዳኑን እንኳ ሳልከፍት።

ፊልሙን ባየሁ ማግስት ሁሉንም ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዞር እንኳ ሳትል «አውቃለሁ» አለች።

ለካ አንድ ቀን የረሳሁትን ቁልፍ ልትሰጠኝ መጥታ በር ላይ ዘበኛው አግኝተዋታል። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ልጄ! በርበሬዋን ብቻ ቀነስ አርጊልኝ፣ ጨጓራዬ አልቻለም» ብለዋታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ የምትቋጥረው አልጫ ነበር። ለእሳቸው!

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ድሮም ገብቶኝ ነበር እኮ» አለች፤ «ዕቃው ታጥቦ ሲመለስ አንተ እንዳልሆንክ ያኔ አወቅኩ።»

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ሊገናኙ ተቀጣጥረው ሰውዬው ሄዶ ከሩቅ ያያታል፤ እርጅናው ታውሶት ግን ሳይቀርባት ይመለሳል። በማግስቱ የሚደርሰው ምሳ ዕቃ ባዶ ነው። አንዱን ሳህን ከፈተ፣ ባዶ፤ ሌላውን፣ ባዶ። ስድብ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም። ያ ቦታ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? መዳብ አድርገን የያዝነው ወርቅ አንድ ቀን ባዶ ሳህን ሆኖ ይመጣል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት። ሲያልቅ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙ ብላችሁ ትናደዱ ይሆናል፤ አይነግራችሁም። ከቻላችሁ ግን ብቻችሁን አትዩት። ምሳ ከሚቋጥርላችሁ ሰው ጋር እዩት።

አሁን ከቤት የምወጣው ሁለት ምሳ ዕቃ ይዤ ነው። አልጫው የእሳቸው፣ ቀዩ የእኔ። የእኔን በልቼ፣ አጥቤ እመልሳለሁ። ባለቤቴ ግን «እንዴት ነበር?» ብላ መጠየቅ ገና አልጀመረችም።