ከጊንጪ እስከ ጉደር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈን 114 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አምቦ እንገባለን። ብዙው መንገደኛ ይህችን ከተማ የሚያውቃት በጠርሙስ በሚሸጠው ውኃዋ ነው። እኛን ግን ይበልጥ የሳቡን እስከ ጉደር ድረስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተበታትነው የሚታዩት መንደሮች ናቸው። ጥቂት ጎጆዎች ከኮረብታው ጥግ፣ ሌሎች ደግሞ ከወንዝ ማዶ፤ በመካከላቸው የጤፍና የስንዴ ማሳ። ለመሆኑ እንዲህ ተራርቆ የሰፈረ ሕዝብ ጭንቁን እንዴት ይካፈላል?

ለሥራው ደቦ አለ፣ ለሐዘኑ እድር አለ። ከጥንት የቆየ ደግሞ ኦሮሞው ቡሳ ጎኖፋ የሚለው ሥርዓት አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ዘመድና ጎረቤት ከብት አዋጥቶ እንደገና ጎጆውን ያቆምለታል። ልመና አይደለም፤ ወጉ ነው።

ይህ መረዳዳት በ1955 ዓ.ም. ሰፋ ያለ መልክ ያዘ። በአዲስ አበባ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። ስሙ የሁለት ታላላቅ የኦሮሞ ጎሳዎች ነው፤ አምቦና አካባቢዋ በሜጫ ወገን ናቸው። ሰብሳቢው ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ፣ ከዋና መሪዎቹ አንዱ የሕግ ባለሙያው ኃይለማርያም ገመዳ ነበሩ፤ ጄኔራል ታደሰ ብሩም ኋላ ገቡበት። ገጠሬው እያዋጣ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲሠራ ነበር ሐሳቡ። ማኅበሩ በሸዋ ብቻ አልቀረም። ወደ አርሲና ባሌ ሲዘልቅ ሙስሊሞች ተቀላቀሉት፤ መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአንድ መዋጮ ተገናኙ። ሰፊ ሕዝብ መሰብሰቡ ግን መንግሥትን አሳሰበ። በ1959 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሰሩ፣ ማኅበሩም ተዘጋ። ኃይለማርያም ገመዳ በእስር ሳሉ ሕይወታቸው አለፈ።

የመንደሩን እድር ግን ማንም አልዘጋውም። በምዕራብ ሸዋ ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ነው። በከተማ ያለው የራሱን እድር ሊያቋቁም ይችላል፤ መልካም ነው። ከከተማ ወጣ ባለው መንደር ግን አንድ ሁለት ቤተሰብ ብቻውን ምን እድር ያቋቁማል? ጀናዛ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ አይጠበቅም። እጥበቱንና ሶላቱን እኛው እንፈጽማለን፤ እርዱም ለየብቻ ነው። ዶማና አካፋ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ድንኳኑን የሚተክለው ግን ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። የእሱ ቤት ሐዘን ሲገባም ዶማው ከእኛ ደጅ ይነሣል።