የካሜራ ባለሙያው ባሕረ ሐሳብ

የቪዲዮ ሥራ ከሚሠሩ ወንድሞች ጋር ስንገናኝ ወሬያችን ብዙውን ጊዜ ስለ ካሜራ ዓይነትና ስለ ሌንስ ዋጋ ነው። እኔም በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተቀምጬ፣ ቀጣሪ ሳይኖረኝ በግሌ ቪዲዮ እየቀረጽሁና እያቀናበርሁ የምኖር እንደ መሆኔ ከዚህ ወሬ የራቅሁ አይደለሁም። ነገር ግን የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሙያውን ለመጀመር ፈልገው ሲያማክሩኝ፣ ከካሜራው አስቀድሜ የማነሣላቸው ባሕረ ሐሳብን ነው። ቀልድ የሚመስላቸው አሉ፤ ቀልድ ግን አይደለም።

ገቢያችን በአብዛኛው ከሠርግ ነው፤ ሥርዓተ ተክሊል ደግሞ በአጽዋማት አይፈጸምም። ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ጌታችን በቃና ዘገሊላ በሠርግ ቤት ያደረገውን ተአምር ታስባለች። የሠርጉም ወራት ያን ጊዜ ደርቶ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይዘልቃል። ይህ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ በዚህ መካከል ግን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2010 ዓ.ም. የካቲት 5 ቀን ገባ፤ ከቃና ዘገሊላ ወዲህ የነበሩን እሑዶች አራት ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ገባ፤ እሑዶቹም ስምንት ሆኑ። እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 55 ቀን ጾም ይከተላል። ከትንሣኤ በኋላ ኀምሳው ቀን በሩን እንደ ገና ይከፍተዋል፤ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ይዘጋል፤ ክረምቱም ይቀጥላል። ተበድሮ ካሜራ የገዛ ወንድም ዕዳው በየወሩ እኩል ይጠየቃል፤ ገቢው ግን በአበቅቴና በመጥቅዕ ይወሰናል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። የድንኳን ገበያም የራሱ ወራት ይኖረው ይሆናል እያልሁ እጽናናለሁ። በጾም ወራት የመዝሙር ቪዲዮ፣ የስብሰባ ቀረጻና የማስታወቂያ ሥራ እንፈልጋለን። አንድ መሥሪያ ቤት ፊልሙን ተረክቦ ገንዘቡን ለመክፈል ስምንት ወር አመላልሶኛል። ከዚያ ወዲህ ግማሹን በቀብድ ሳልቀበል ካሜራ ከቦርሳ አላወጣም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ለእኛ ዓይነቱ ባለሙያ ትልቅ በር ከፍቷል፤ በፎቶ ካሜራ ዋጋ ሲኒማ የሚመስል ምስል ይሰጥ ነበርና። ሆኖም አንዱን ቅጂ ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ በላይ አያስኬድም ነበር። ቅዳሴ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በአንድ አገልግሎት ውስጥ ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አስቡት! እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሶኒ አልፋ 7ኤስ 3 ከዚህ ድካም አሳርፎናል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመን ጨለማ መቻሉ ነው፤ በጧፍ ብርሃን ብቻ የአረጋዊውን ካህን ፊት ያሳያል። ሁላችንም ግን የካሜራው ባለቤቶች አይደለንም፤ በቀን ኪራይ የሚሠራው ይበዛል። እኔም ለጀማሪ የምመክረው ካሜራውን ተከራይቶ ሌንስ እንዲገዛ ነው፤ ካሜራ በሦስት ዓመት ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ዐሥር ዓመት ያገለግላል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሜራ አንድ ጠንቅ አለው። የዚያ አገር የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ነው። ካሜራው በዚያው ልማዱ ከቀረጸ የቤተ ክርስቲያኑ የሸምበቆ መብራት በምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ ሆኖ ይንከባለላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሰከንድ 25 ምስል፣ መዝጊያውም የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ። ሌላው ነጠላ ነው። ነጠላው ነጭ፣ ፊታችን ጠይም ስለሆነ፣ ካሜራ ለራሱ ከተተወ ነጩን አይቶ ምስሉን ያጨልማል፤ የምእመኑም ፊት ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን በእጅ መምራት ግድ ነው። ይህን የካሜራው መመሪያ አይነግራችሁም፤ እሑድ ጠዋት በቅኔ ማኅሌት ጥግ ቆሞ የሚለመድ ነው።

የሌንስ ምርጫ በሌላ ቦታ በጥበብ ሊወሰን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ግን የሚወስነው መቆም የተፈቀደልን ስፍራ ነው። ወደ መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ እኛ ከሩቅ ነን። ስለዚህ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚያቀርበው ሌንስ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ እርሱ ካለ ወደ ፊት መጋፋት አያስፈልግም። የካሜራው መዝጊያ ድምፅ ይጠፋል፤ ትራይፖዱ እግሩ ላይ ጨርቅ ይጠመጠምለታል፤ እኛም ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ስለምንራመድ ኮቴ የለንም። በአዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ይታወቃል። ዛሬ አባቶች «ድምፁ በደንብ ይገባል ወይ?» ብለው ማይክራፎኑን ራሳቸው ያስተካክሉልናል። ይህን አመኔታ በአንድ እሑድ ማፍረስ ይቻላል።

በዚያው በጠበበው በ2010 ዓ.ም. ጥር፣ የአንድ ሙሽራ ቤተሰቦች ሙሽሮቹ ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ በቅርብ፣ ከካህኑ ትከሻ አጠገብ እንድቀርጽ ጠየቁኝ። ሙሽሮቹ ከቈረቡ በኋላ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ ከሩቅ እንደማነሣ ነገርኋቸው። አልተስማሙም፤ ሥራው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ከአራቱ እሑዶች አንዱ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ወር የቤት ኪራዩን የከፈልሁት አንዱን ሌንሴን ሽጬ ነው። የቀረጸውን ልጅ ግን አልወቅሰውም፤ እርሱም ኪራይ አለበት፤ ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ማን ነገረው? ለጀማሪዎቹ የምናስተምረው ስለ ሌንስ እንጂ ስለ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ቀረጻው ሲያበቃ ሌላ ሥራ ይጀመራል። በተለመደው ጥራት አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ ሁለት ካሜራ ስድስት ሰዓት ከሠራ 540 ነው። ያን ሌሊት ሁሉንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ሳልገለብጥ አልተኛም፤ መብራት ከሄደም እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሙሽሮቹ ራት ግብዣውን ቢፈልጉ ይደግሙታል፤ ተክሊሉን ግን አይደግሙትም።

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ አባታችን የተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል በደብራችን ይከበራል፤ ፍልሰታ ከተፈታ ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ያን ዕለት ለሰንበት ትምህርት ቤታችን በነጻ እቀርጻለሁ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ካሜራውን በፌስታል እሸፍነዋለሁ። ከዝናቡ ወደ ውስጥ ስገባ የቀዘቀዘው ሌንስ በምእመናኑ ትንፋሽ ይደበዝዛል፤ ቢወለወልም መልሶ ያልበዋል፤ እስኪሞቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እስከዚያው ካሜራውን እግሬ ሥር አስቀምጬ አስቀድሳለሁ።