ዋናውን ሳይነኩ መፍጠን

በካርቱም ሪያድ ሰፈር፣ ከዑበይድ ኸትም መንገድ ብዙም በማይርቅ የሠርግ ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ የማስተካከል ሥራ ሠርቻለሁ። ስገባ ፍጥነት የእጅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሾርትከቱን በቃሉ የያዘ ሁሉንም ይቀድማል ብዬ አምን ነበር። ስወጣ ግን ሌላ እምነት ይዤ ወጣሁ፤ ሰውን የሚያፈጥነው አንድ ጊዜ የሠራውን ሁለተኛ አለመሥራቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ዋናው ፎቶ ሳይነካ መቆየት አለበት።

መጀመሪያ ያስገደደን መብራት ነው። በካርቱም ሙቀት መብራት ከጠፋ ቶሎ አይመለስም፤ የጄኔሬተር ነዳጅም ተቆጥቦ ነው። አለቃችን ሱዳናዊ ነበሩ፤ ኡስታዝ እንላቸዋለን። ምርጫው ሳያልቅ አንድም ፎቶ እንዲስተካከል አይፈቅዱም። ከአንድ ሠርግ ከሺህ የሚበልጥ ፎቶ ይመጣል፤ ያን ማጥለል በላፕቶፕ ባትሪም ይቻላል። ላይትሩም ላይ ካፕስ ሎክን ከፍቶ ለሚቀረው ፒን፣ ለሚጣለው ኤክስን መጫን ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። መብራት ሲመጣ የቀረው ትንሽ፣ የሚሠራውም የታወቀ ይሆናል።

ከዚያ በየብርሃን ዓይነቱ አንድ ፎቶ በደንብ ይሠራና ልኩ ለቀሩት ይገለበጣል። በሱዳን ሠርግ የጅርቲግ ሥርዓት ላይ ሙሽራዋ ቀይ ለብሳ፣ ወርቅ ተጭኖባት፣ እጅና እግሯ በሂና ደምቆ ትቀመጣለች። በአዳራሹ መብራት ቀዩ ይፈነዳና የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ የቀዩን ድምቀት ብቻ ለይቶ መቀነስ፣ የሂናው ቅርጽ እንዲታይ ደግሞ ጥላውን ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። የእኛ የሐበሾች ሠርግ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የሚያስቸግረው ነጩ ቀሚስ ነው፤ ብርሃኑ ካልተገታ ጥለቱ ብቻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ለሁለቱም የየራሳቸው ፕሪሴት ነበረን።

ብዙ ሰዓት የሚበላው ግን የቆዳ ቀለም ነው። «ትንሽ ቀላ አድርጉኝ» የምትል ሙሽራ ሁልጊዜ አለች። ፊቷን ስታቀላው አንገቷ ይጠቁራል፤ አንገቷን ስታስተካክል ጆሮዋና እጇ ይቀራሉ፤ እጇን ስትነካ ሂናው ይደበዝዛል። በመጨረሻ ከእናቷ ጎን ስትቆም ዘመድ አትመስልም። ኡስታዝ ቀለሙን ትተው ብርሃኑን ብቻ ይይዙ ነበር፦ ፎቶሾፕ ላይ የከርቭስ ሌየር ከፍተው ማስኩን ጥቁር ያደርጉና በለስላሳ ነጭ ብሩሽ ጉንጯንና ዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ ቀስ እያሉ ያበራሉ። ሙሽራዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ጥቁርነቷም አብሯት ይሄዳል። የሰውን መልክ ሳይቀይሩ ማሳመር አጭሩ መንገድ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው፤ ክብር ያለውም እሱ ነው።

ይህን ያስቻለው ሌየር ነው። ፎቶሾፕ ሌየርን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ማስተካከያ ሌየሮችና አክሽን የመጡት በ1996። ከዚያ በፊት የነበረውን ሳስብ ይገርመኛል። በአትባራ ራሺድ ማህዲ፣ በአዲስ አበባ የቦያጂያን ቤተሰብ በሠሩበት ዘመን ፊት የሚስተካከለው ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስና በስለት ነበር፤ የተፋቀ ነገር አይመለስም። እኛ ባዶ ሌየር ከፍተን ጠባሳውን እዚያ ላይ መጠገን እንችላለን፤ ካልተወደደ ሌየሩን መሰረዝ ነው። ለኅትመት የሚሄደውም የተቀዳ ትእዛዝን ራሱ በሚደግመው በአክሽን ያልፋል፦ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ ማለት 1181 በ1772 ፒክስል ነው፤ ይህን በእጅ እየጻፉ መደጋገም ሰውን ከማድከም ሌላ ፋይዳ የለውም። ፎቶሾፕ ከ2012 ጀምሮ በየ10 ደቂቃው ራሱ መጠባበቂያ ይይዛል፤ እኛ ወደ 5 አውርደነው ነበር፤ ያም ሆኖ ኮንትሮልና ኤስ ከጣታችን አልተለዩም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ሪያድ ከኤርፖርቱ አጠገብ በመሆኑ ወዲያው እሳት ውስጥ ገባ። ብዙ ኢትዮጵያዊ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደደ። ኮምፒውተሮቹ እዚያው ቀሩ። ኡስታዝ ግን የሮው ፋይሎቹ፣ ማለትም ካሜራው ያነሳቸው ያልተነኩት ዋናዎቹ፣ ሁለተኛ ቅጂ ከፎቶ ቤቱ ውጭ፣ ሰው ቤት እንዲቀመጥ ያዝዙ ስለነበር አንድ ሃርድ ዲስክ ከእኔ ጋር ወጣ። የላይትሩም የማስተካከያ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ፎቶ ጥቂት ኪሎባይት የምትሆን ኤክስኤምፒ ፋይል ውስጥ ስለተጻፈ የላይትሩም ሥራችንም አብሮ ወጣ።

ጦርነቱ በተነሳ በቀናት ውስጥ ላይትሩም ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የፎቶ ኖይዝ ማጽጃ መጣ፤ ሲወጣ የሚሠራው በሮው እንጂ በጄፔግ ላይ አልነበረም። በጓሮ፣ በደካማ አምፖል ሥር ሌሊት የተነሱ የሠርግ ፎቶዎች ያኔ ጠጠር የተበተነባቸው ይመስሉ ነበር። አሁን ካይሮ ያሉ ደንበኞች አልበማችን ቤታችን ውስጥ ቀረ ብለው ሲጽፉልኝ ሮውን እከፍታለሁ፣ መጀመሪያ ማጽጃውን አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ የድሮው ልክ በላዩ ይመጣል። ከዛሬው ዓይኔ ጋር የማይሄደውን ጥቂት ነገር ብቻ ነክቼ እልክላቸዋለሁ።