የሕንፃ ኮሌጅ አጥርና የዩኒቨርሲቲዎቻችን ባዶ መሬት



በአገራችን ስለ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ቁጥር የምንከራከረው ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ መምህራን ደመወዝና ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው የቆመበት መሬት ግን በክርክራችን ውስጥ ስሙ አይነሣም። አጥሩ ከጥንት የነበረ፣ ወደፊትም በነበረበት የሚኖር ይመስለናል። በእኔ እምነት ግን ከሚመጡት ዓመታት ከባድ የፖለቲካ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የግቢ መሬት ጥያቄ ነው፤ ያውም ማንም ሳይሰማው ተወስኖ ሊያልፍ የሚችል ጥያቄ።

የምኖርበት ሰፈር ልደታ ነውና ከዚያው ልጀምር። የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የተቋቋመበትን ግቢ የሰፈሩ ሰው «ሕንፃ ኮሌጅ» ይለዋል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ከተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ነው። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሥር ሆኖ፣ የአምስት ኪሎው «ሰሜን ግቢ» ሲባል ይኼኛው «ደቡብ ግቢ» እየተባለ ኖሯል። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ከአፈር የተሠራ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ መኖሪያ ቤት የታነጸውም በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። ብረትና ሲሚንቶ ሳያበዙ ከተሜውን እንዴት ማኖር ይቻላል የሚለውን ጥያቄ በወረቀት ሳይሆን በግድግዳ የጠየቀ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለው ሙከራ ትርፍ መሬት ይፈልጋል። መማሪያ ክፍልና ቢሮ ብቻ ተቆጥሮ የተለካ ግቢ ውስጥ ለሙከራ ቤት ቦታ አይገኝም።

ከአጥሩ ውጪ ያለውን ደግሞ እንመልከት። ልደታ በከተማዋ ዳር የነበረችበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከልደታ ሜዳ ነበር፤ በ1950ዎቹ ቦሌ እስኪሠራ ድረስ አውሮፕላን የሚነሣው ከዚህ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመልሶ ማልማቱ ሥራ መጣና የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየሞችና የንግድ ሕንፃዎች በቀሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሁለቱ መስመሮች በጋራ በሚሄዱበት የመሐል ከተማ ሐዲድ ላይ ልደታ ጣቢያ ሆነች። አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አጠገቡ ያለው ሁሉ ሲለወጥ፣ በዝቅተኛ ሕንፃዎችና በዛፎቹ እንደ ነበረ የቀረው ግቢው ነው። ለእኔ ይህ ጸጋ ነው። ካርታ ዘርግቶ «በአግባቡ ያልለማ ቦታ» ለሚፈልግ ባለሥልጣን ግን ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል። ሰንጋ ተራ፣ ጥቁር አንበሳ፣ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፤ የቀድሞ ሰዎች ዩኒቨርሲቲውን የተከሉባቸው ቦታዎች ዛሬ የከተማዋ እጅግ ውድ መሬቶች ሆነዋል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ታዲያ ባለቤቱ ማነው የሚለው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮም የከተማ መሬት በግል አልተያዘም። ዩኒቨርሲቲ ያለው ይዞታ ነው፤ እሱም ካርታው በወጉ ተሠርቶ ከተገኘ። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይዞታ ለማዛወር ገዢና ሻጭ አያስፈልግም፤ ደብዳቤ ይበቃል።

የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መቀመጫው አራት ኪሎ ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በታገቱት መኳንንትና ሹማምንት ደም ከተቋጨ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያንኑ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር የሙዚየም ክፍል ሆነ። ስጦታው ታላቅ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት የተነደፈው ለዩኒቨርሲቲ አልነበረምና ቤተ መጻሕፍቱም፣ ዶርሙም፣ ክፍሎቹም በነበረው አጸድና ግንብ መካከል እየተሸጎጡ ኖሩ። ፋኩልቲዎቹም በከተማው ውስጥ ተበታተኑ፤ ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ከ10 በላይ ግቢዎች ያሉት ሲሆን አንዱ ቢሾፍቱ ነው። ሌላው ነገር፣ በአንድ ፊርማ የመጣ መሬት በአንድ ፊርማ ሊሄድ መቻሉ ነው። የሰጠው እጅ ቸር ስለ ነበረ ብቻ አሰጣጡ ሥርዓት አይሆንም።

በተቃራኒው የአለማያ እርሻ ኮሌጅን እንውሰድ። ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በመተባበር ሲቋቋም የማሳያ እርሻው የትምህርቱ አካል ሆኖ ነበር የታሰበው። አሜሪካኖቹ ይህን ያመጡት ከራሳቸው ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው ሕጋቸው ለኮሌጆች ማቋቋሚያ የሚሆን የመንግሥት መሬት ለየግዛቶቹ ሲሰጡ ሁኔታው፣ ዓላማውና ገቢው በሕግ ተጽፎ ነበር። ስጦታና ሕግ የተጋቡበት ዘዴ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። ወሎ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ አክሱም፣ ሰመራ፣ ጅግጅጋ፣ ወለጋ እያለ በአንድ ጊዜ 13 ዩኒቨርሲቲዎች ተተከሉ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። መሬት በገፍ ተሰጠ፤ ችግሩ የመሬት እጥረት አልነበረም። ሥራው ሩጫ ስለ ነበረ ዓይነተኛ ዲዛይን እየተባዛ ተሠራ፤ የአንዱን ግቢ ብሎክ ያየ የሌላውን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች። አንዱ ጋ መስኮት ብርድ መከላከያ ነው፤ ሌላው ጋ ነፍስ ማዳኛ።

ስለ ግቢ ፕላን ስናገር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ሕንፃ አቀማመጥ ብቻ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪውን አሳድሮ፣ አብልቶ፣ አሳክሞ የሚያስተምር ከተማ ነው። 15,000 ተማሪ ያለውን ግቢ እናስብ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውኃ ብቻ ብንቆጥር 750 ሜትር ኩብ ነው፤ አብዛኛው ተመልሶ ፍሳሽ ይሆናል። ለምሳና ለራት አንድ አንድ እንጀራ ብንል በቀን 30,000 እንጀራ መጋገር አለበት። ይህን ሁሉ የሚሸከም ጉድጓድ፣ መስመር፣ ማብሰያ፣ ማጣሪያ የት ይቀመጣል? ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍሳል? ዝናብ ውኃው በየትኛው ቦይ ይወርዳል? የማስተር ፕላን ሥራ ይህ ነው፤ ሕንፃው የመጨረሻው ነው።

በአንድ ወቅት ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ልተወው፣ ማስፋፊያውን እንዲገመግም በሰበሰበው ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁ። በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ባለ ቀለም ማስተር ፕላን ተሰቅሏል። ወጥተን ግቢውን ስንዞር ከሥዕሉ ጋር የሚገጥመው ዋናው በር ብቻ ሆኖ አገኘነው። ለቤተ መጻሕፍት በተተወው ቦታ ላይ የተማሪዎች ካፌ ቆሟል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ሰኔ እየደረሰ ነበር፣ በጀቱ እንዳይመለስ ኮንትራክተሩ መኪና ሊያስገባበት ወደሚችለው ሜዳ ተመራ የሚል ነው። የካፌው ፍሳሽ የሚወርደው ደግሞ ወደፊት ለሐኪም ቤት ወደታሰበው ቦታ ነበር። አብሮን የነበረ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ «እንግዲህ ሐኪም ቤቱ በሽተኛውን ከወዲሁ እያዘጋጀ ነው» ብሎ አሳቀን። ጥፋቱን በአንድ ፕሬዚዳንት ላይ መጫን ግን ቀላል ይሆናል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግቢ ደግሞ 50 ዓመት ይኖራል። ሰኔ ከ50 ዓመት ጋር ሲጋፈጥ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ሰኔ ነው፤ ፕላኑ አስገዳጅ ካልሆነ በቀር።

ዕቅድ ሲባል ማስፋፋት ብቻ መስሎን መኖራችንም ሌላው ጣጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተማሪ በየዓመቱ እየጨመረ ይመጣል በሚል ቀጥ ያለ መስመር የተሰላ ዶርም ሁሉ ስሌቱ በአንድ ክረምት ተናጋ። የፈተናውን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ስለ ግቢው ግን፣ ሕንፃ ሲነደፍ ዶርም የነበረው ላቦራቶሪ ወይም የመምህራን መኖሪያ ቢሆን ግድግዳው ይፈቅዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ከፕላን አውጪው የሚጠበቅ ነበር። መጥኖ መደቆስ ማለት ይኼ ነው።

ባዶ መሬት ያለ ዕቅድ መያዝ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ የሩቅ ምሳሌ ልጥቀስ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 በበርክሌይ የነበሩ መኖሪያ ቤቶችን ወስዶ አፈረሰና ቦታውን ሳይሠራበት ተወው። በ1969 የሰፈሩ ሰዎችና ተማሪዎች ገብተው መናፈሻ አደረጉት፤ ዩኒቨርሲቲው ሊያስለቅቅ ሲሞክር ግንቦት ላይ ደም ፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። ፒፕልስ ፓርክ በሚባለው በዚያ ቦታ ላይ የተማሪዎች መኖሪያ ለመገንባት የሕግ ሙግቱ ያለቀው በ2024 ነው። ዛሬ በዚያ ግዛት እያንዳንዱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅዱን ከአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ጋር ለሕዝብ አቅርቦ አስተያየት ይቀበልበታል። በአንጻሩ ጎረቤቱ ስታንፎርድ፣ የግል ቢሆንም፣ ሲመሠረት የተሰጠው መሬት እንዳይሸጥ በመሥራቾቹ ተጽፎበት ነበር። ስላልተሸጠም በረጅም ጊዜ ኪራይ ለገበያ ማዕከልና ለምርምር መንደር እየሰጠ ገቢ ያገኝበታል።

ይህን ያነሣሁት አሁን ለእኛ የደረሰ ጉዳይ ስለሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝነት የራስን ገቢ መፈለግንም ያመጣል። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የመሐል ከተማን መሬት ዋጋና መልክ በወራት ውስጥ ሊለውጥ እንደሚችል አራት ኪሎና ፒያሳ ላይ አይተናል። ገንዘብ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲና መሬት የሚፈልግ ከተማ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ፣ በመካከላቸው የሕዝብ ሰነድ ከሌለ የሚሆነውን ለመገመት ትንቢት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ከመሬቱ ገቢ አያግኝ ብዬ የምከራከር አይደለሁም፤ ያግኝ። ኪራይና ዝውውር ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፤ የተከራየ መሬት ከ30 ዓመት በኋላ ለልጅ ልጆቻችን ይመለሳል።

እኛም በግቢ ውስጥ ያለን ሰዎች ንጹሐን አይደለንም። በየዩኒቨርሲቲያችን ጓሮ ሰሌዳቸው ኮድ 4 የሆነ ስንት መኪኖች ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል? ስንት የቆርቆሮ መጋዘን የተሰበረ ወንበር ታቅፎ የከተማውን ውድ መሬት ይዟል? ባለ አንድ ፎቅ ቢሮ በልደታ እምብርት ላይ ተንጣልሎ፣ ተማሪው ግን የማንበቢያ ቦታ አጥቶ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ «መሬታችን ተነካ» ብሎ መጮህ ጆሮ አያገኝም። ለሙከራ የተተወ ሜዳና በቸልታ የተረሳ ጓሮ ከውጪ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው በጽሑፍ የሰፈረ ዓላማ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ መዝገብ ለሕዝብ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ፦ በየግቢው ስንት ሄክታር መሬት አለ፣ የይዞታ ካርታው በማን ስም ነው፣ ምን ተሠርቶበታል፣ ምን ሳይሠራበት ቆይቷል፣ ለምንስ ይጠበቃል። ገነተ ልዑልና መሰል ታሪካዊ ቅጥር ግቢዎች የማይነኩ ተብለው ለብቻ ይመዝገቡ። በመዝገቡ ላይ ያለ ቦታ ከይዞታው የሚወጣው በቦርድ ስብሰባ፣ ምክንያቱና ምትኩ በጽሑፍ ታትሞ፣ መምህራንና ተማሪዎች ከተሰሙ በኋላ ብቻ ይሁን። ለልኬቱ ሥራ የውጪ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም። የአርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ተማሪዎች ሜትራቸውን ይዘው ቢሠማሩ የልደታውን ግቢ በአንድ ሴሚስተር ለክተው ያስረክባሉ፤ ቀጥሎ አምስት ኪሎ ነው።