ስለ አንዲት ዶሮ እግር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ሲታመም ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ነው። ሕመምተኛውም በጣቱ ያመለክታል፤ ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ሥራ ይቀላል። አፍ የሌለው ፍጥረት ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በተለይም ዶሮ ሕመሟን እስከ ተቻላት ድረስ ትሰውራለች፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ የሚያድኗት ፍጥረት ናትና፥ ደካማ መስላ የታየችው ከሌሎቹ ቀድማ ትነጠቃለች። ስለዚህ አንዲት ዶሮ በግልጥ ስታነክስ ብታይ ሕመሙ ያን ቀን የጀመረ አይምሰልህ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ባልቴት አምስት ዶሮዎች አሏቸው። ለቡናና ለስኳር የሚያወጡት ገንዘብ የሚገኘው ከእንቁላሉ ሽያጭ ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከአምስቱ አንዷ፥ ሳሶ ከሚባለው ዘር የሆነችው ትልቋ ቀይ ዶሮ፥ ግራ እግሯን አንሥታ በአንዱ ብቻ መቆም አበዛች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። «እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ ሳትከሳ ይረዷት» የሚለው በዛ። በጥሩ ዋጋ ልግዛ ብሎ የመጣም ነበረ። እኔ ግን «እማማ፥ መጀመሪያ ውስጥ እግሯን እንያት» አልኋቸው። «እስቲ እይልኝ ልጄ» አሉና ነጠላቸውን በራሷ ላይ ጣል አደረጉባት፤ ዶሮ ዐይኗ ሲሸፈን ጸጥ ትላለችና።

ውስጥ እግሯ አብጦ ያተኵሳል፤ በመካከሉም እንደ ጥቁር ቁልፍ ያለ ቅርፊት ተተክሎበታል። ይህን ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። በቆዳ ላይ ሲኖር ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በር ሲከፈትለት ነው። በሩንም የሚከፍቱለት ስንጥር፥ ስለታም ድንጋይ፥ እርጥብ ጉዝጓዝና ከፍ ያለ ቆጥ ናቸው። ቀላሏ የአገራችን ዶሮ ከቆጥ ብትዘል እምብዛም አትጎዳም፤ ከባዷ ግን በየማለዳው ክብደቷን ሁሉ በውስጥ እግሯ ላይ ትጥለዋለች። የእማማ ቆጥ ከደረቴ ይደርስ ነበር፤ ሥሩም ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ተሐዋሲ በሰው መግል ውስጥ መርምሮ ስም ያወጣለት አሌክሳንደር ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ነው። ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1882 ባሉት ዓመታት ሲሆን፥ ተሐዋሲውን ያራባው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነበር። ስሙንም ከግሪክኛው የወይን ዘለላ ወሰደው፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ዘለላ ይመስላልና። የዶሮ ውለታ ከወጥ የሚያልፍ ነው!

የዶሮ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ ደርቆ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ ማፍረጥ ብቻውን አይበቃም። እግሯን ጨው ባለበት ሞቅ ያለ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈን ቅርፊቱን አለሰለስነው። ጥልቁን መቍረጥ ግን ለእንስሳት ሐኪም ተውነው፤ ዶሮ አልጮኸችም ማለት አልተሰማትም ማለት አይደለምና። ሐኪሙም ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አወጣ፤ በአዮዲን አጥቦ በፋሻ ጠቀለለው። ከዚያ ወዲህ ፋሻውን በየቀኑ የምንለውጥ እኛ ሆንን። ተሐዋሲው ለሰውም ይተርፋልና ከመንካታችን በፊትም በኋላም እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን።

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣትና እስከ ወሰነው ቀን ድረስ እንቁላሏ እንዳይበላ፥ እንዳይሸጥም አዘዘ። ወዳጄ፥ ከሕክምናው ሁሉ የከበደው ይኸኛው ነው። ፍልሰታ ተፈቶ፥ በዓሉ ቀርቦ፥ የእንቁላል ዋጋ ወጥቷል። ዶሮዋም ለብቻዋ በደረቅ ገለባ ላይ ተቀምጣ ስድስት እንቁላል ጣለች። አንድ ቸርቻሪ ደጃፍ ድረስ መጥቶ «ያለውን ሁሉ አምጡ» አለ። የመድኃኒቱ እንቁላል ከሌላው በመልክ አይለይም፤ ምልክትም ምስክርም የለበትም። እኔ ዝም ብዬ አየሁ። እማማ የአራቱን ዶሮዎች እንቁላል ቈጥረው ሰጡት። እሱ ከሄደ በኋላ ስድስቱን በቁና ይዘው ወጡና ከጌሾው ሥር ቈፍረው ቀበሩት። «ሰው ይበላዋል እኮ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስሙ የተነገረለት ብዙ ምጽዋት አይቻለሁ፤ ከዚያ ጕድጓድ ጋር ግን አላስተያየውም።

ቆጡን ከጉልበት በታች አወረድነው፤ ጭቃውን ጠርገን ገለባ ጐዘጐዝን። ለመስቀል ዋዜማ ፋሻው ተፈታ፤ ቀይዋም በሁለት እግሯ ቆማ መጫር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ እማማ በየቅዳሜው የአምስቱንም ውስጥ እግር እያገላበጡ ማየት ያዙ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገብስማዋ ላይ ጥቂት ቅላት አገኙ። ቅርፊት ገና አላወጣም ነበር፤ ውሃውን ጣዱት።